የተጠናቀሩ ፕሮግራሞችን በተመሳሳይ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ላይ ስለ ማሰራጨት፤ ሒሳዊ ሐተታ

መግቢያ

በኮምፒዩተር ክፍላችን ውስጥ ከሚሠሩ ተማሪዎች መካከል እንደ ደንብ ተቆጥሮ ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፍ አንድ አባባል አለ፤ ይኸውም «ኮምፒዩተሮቹ አንድ ዓይነት ስለ ሆኑ በአንዱ ላይ የሠራ ፕሮግራም በሁሉም ላይ ይሠራል» የሚለው ነው። አባባሉን ሲሰሙት ደስ ያሰኛል፤ ጊዜም የሚቆጥብ ይመስላል። እኔም ራሴ አምኜበት ብዙ ጊዜ ሠርቼበታለሁ። በዚህ ሐተታ ግን ይህ አባባል መመርመር የሚገባው መሆኑን፣ ሳይመረመርም ቢቀር የሚያስከትለው ጉዳት ከኮምፒዩተሩ አልፎ እስከ ምርምር ሥራችን የሚደርስ መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ለጉዳዩ አዲስ ለሆኑ አንባብያን አስቀድሞ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ፕሮግራም የሚጻፈው ሰው ሊያነበው በሚችል ቋንቋ ነው፤ ይህም ምንጭ ኮድ ይባላል። ኮምፒዩተሩ እንዲፈጽመው ግን ኮምፓይለር በሚባል ሌላ ፕሮግራም አማካይነት ወደ ፕሮሰሰሩ ትእዛዞች መለወጥ አለበት። ይህን ሥራ ማጠናቀር እንለዋለን። አንድ ትልቅ ፕሮግራም ለማጠናቀር ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል፤ ስለዚህ 24 ኮምፒዩተር ባለበት ክፍል 24 ጊዜ ከማጠናቀር ይልቅ አንድ ጊዜ አጠናቅሮ ውጤቱን ለሁሉም ማካፈል መልካም ሐሳብ ነው። እኔም የምነቅፈው ማካፈሉን አይደለም፤ የምነቅፈው አካፋፈሉን ነው።

ያጋጠመኝ ጉዳይ

ባለፈው ዓመት በሲ ቋንቋ የተጻፈ አንድ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በአዲሱ ኮምፒዩተር ላይ አጠናቀርሁ። ፈጥኖ እንዲሠራም ብዬ ኮምፓይለሩን «ይህ ፕሮሰሰር የሚያውቀውን ትእዛዝ ሁሉ ተጠቀም» በሚለው አማራጭ አዘዝሁት። ከዚያም ውጤቱን በኔትዎርክ አማካይነት በ24ቱም ኮምፒዩተሮች ላይ ኦፕት በሚባለው ማውጫ ውስጥ ገለበጥሁት። ሥራው ከግማሽ ሰዓት አልበለጠም፤ ጓደኞቼም አመሰገኑኝ።

በማግሥቱ ግን ችግሩ ብቅ ማለት ጀመረ። በ7ቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ፕሮግራሙ ገና ሲጀምር ፕሮሰሰሩ የማያውቀው ትእዛዝ አጋጥሞታል የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ ቆመ። በሌሎቹ 4 ላይ ደግሞ ጂሊብሲ የተባለው የጋራ ላይብረሪ 2.34 አልተገኘም ብሎ አልነሣም አለ። እነዚህ 11 ኮምፒዩተሮች ቢያንስ ጉድለታቸውን በግልጽ ተናግረዋል። ከሁሉ የከፋው በ2 ኮምፒዩተሮች ላይ የደረሰው ነው። በእነዚህ ላይ ፕሮግራሙ ያለ ምንም ስሞታ ይሠራ ነበር፤ ዳሩ ግን የሚሠራው እኔ የገለበጥሁት አልነበረም። ከእኔ በፊት አንድ ሰው የቀድሞውን እትም ዩኤስአር ሎካል በሚባለው ማውጫ ውስጥ አስቀምጦት ኖሮ፣ ኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ሲፈልግ ያን ማውጫ አስቀድሞ ስለሚያይ፣ ተጠሪው አሮጌው እትም ሆነ።

የቀድሞው እትም በሰንጠረዥ ውስጥ ባዶ የሆኑትን ቦታዎች የሚቆጥረው ከአዲሱ በተለየ መንገድ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፉን ያዘጋጅ የነበረ አንድ ጓደኛችን ከሰንጠረዦቹ ገሚሱን በአንዱ ኮምፒዩተር፣ ገሚሱን በሌላው ላይ አስልቶ ስለ ነበር አማካዮቹ አልስማማ አሉት። መምህሩ ጠርተውን የትኛው እትም በየትኛው ኮምፒዩተር ላይ እንደ ተጫነ፣ ማንስ መቼ እንደ ጫነው ሲጠይቁን የምመልሰው ቃል አጣሁ። የገለበጥሁትን በየትም አልመዘገብሁትም ነበርና። ጓደኛችንም ሦስት ሳምንት ሙሉ ሒሳቡን እንደ ገና ሲሠራ ከረመ። ይህን ጽሑፍ እንዳቀርብ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

መመሳሰል ምንድር ነው?

ኮምፒዩተሮቹን ላያቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ሣጥን፣ አንድ ዓይነት መስታወት፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ናቸው። ነገር ግን የተጠናቀረ ፕሮግራም ሣጥኑን አያይም። አናጢ ለአንድ መቃን ለክቶ የሠራው በር በሰፈሩ ውስጥ ላሉት ተመሳሳይ ቤቶች ሁሉ ይገጥማል ማለት አይደለም፤ ቤቶቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው አንድ ቢመስሉም በሩ የሚገባው በመቃኑ ልክ ነውና። የተጠናቀረ ፕሮግራምም የሚለካባቸው መቃኖች ቢያንስ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ፕሮሰሰሩ ነው። ኤኤምዲ 64 ተብሎ የሚጠራው የፕሮሰሰር ቤተሰብ በ2003 (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው) ለገበያ ከቀረበ ወዲህ በየጊዜው አዳዲስ ትእዛዞች ተጨምረውለታል። ለምሳሌ ኤቪኤክስ 2 የተባሉት ትእዛዞች በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ የወጡት በ2013 ነው። የቤተሰቡ ስም አንድ ቢሆንም ታናሹ የሚያውቀውን ታላቁ አያውቀውም። ይህን ልዩነት ሥርዓት ለማስያዝ በ2020 ቤተሰቡ በአራት ደረጃዎች ተከፍሎ ተወስኗል። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9፣ በ2022 ሲወጣ፣ ከሁለተኛው ደረጃ በታች ያለውን ፕሮሰሰር አልቀበልም አለ፤ በ2025 የወጣው 10ኛው እትም ደግሞ ሦስተኛውን ደረጃ ይጠይቃል። የእኛዎቹ 7 ኮምፒዩተሮች ቀደም ባለው ግዢ የመጡ ስለ ነበሩ ፕሮሰሰራቸው አዲሶቹን ትእዛዞች አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው የጋራ ላይብረሪዎች ናቸው። በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም ሁሉን ነገር በራሱ አይዝም፤ ፋይል መክፈትን፣ ጽሑፍ ማተምን፣ ሒሳብ ማስላትን የመሳሰለውን ተግባር ከጋራ ላይብረሪ ይዋሳል። ከእነዚህም ዋነኛው ጂሊብሲ ነው። የጂሊብሲ ሠሪዎች የሚጠብቁት ቃል ኪዳን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ነው፤ በአሮጌው ላይ የተጠናቀረ በአዲሱ ላይ ይሠራል፣ በአዲሱ ላይ የተጠናቀረ ግን በአሮጌው ላይ ይሠራል ተብሎ ቃል አልተገባም። እኔ ያጠናቀርሁት ጂሊብሲ 2.35 በያዘው ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲሆን፣ 4ቱ ኮምፒዩተሮች ገና ኡቡንቱ 20.04ን፣ ማለትም ጂሊብሲ 2.31ን የያዙ ነበሩ። በ2021 በወጣው በ2.34 ላይ የፕሮግራም መነሻ ተግባር አዲስ ምልክት ስለ ተሰጠው፣ ከዚያ ወዲህ የተጠናቀረ እጅግ ትንሽ ፕሮግራም እንኳ በ2.31 ላይ አይነሣም። ስለዚህ አጥፊው ኮምፒዩተሩ አልነበረም፤ የሥራውን ቅደም ተከተል የገለበጥሁት እኔው ነበርሁ።

ሦስተኛው መቃን ታሪክ ነው። ሁለት ኮምፒዩተሮች በአንድ ቀን ከአንድ ሣጥን ቢወጡም እንኳ ከዚያ ወዲያ በየእጁ የተጫነባቸው ነገር ይለያቸዋል። ፕሮሰሰርንም ላይብረሪንም በአንድ ትእዛዝ ጠይቆ ማወቅ ይቻላል፤ ታሪክን ግን የጻፈው ከሌለ የሚነግር የለም።

ስለ መገልበጥ

በሚሲዮን ተማሪ ቤት ሳለሁ የዕቃ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ነበሩ። ከግምጃ ቤቱ አንዲት ማጭድ እንኳ ስትወጣ ማን እንደ ወሰዳት፣ በየትኛው ቀን እንደ ወጣች፣ በምን ሁኔታም እንደ ተመለሰች በትልቁ መዝገብ ላይ ሳይጽፉ አያልፉም ነበር። እኛ ልጆቹ ይህን እንደ ክፉ ጥንቃቄ ቆጥረን እናማቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው መዝገቡ ለማጭዷ ሳይሆን ለእኛ የተጻፈ ኖሯል፤ ማንም ሰው ባልሠራው ጥፋት እንዳይጠየቅ፣ በሠራውም እንዳያመልጥ።

እንዲሁ በእጅ መገልበጥ ይህ መዝገብ የለውም። የተገለበጠው ፋይል ከየት እንደ መጣ፣ ስንተኛው እትም እንደ ሆነ፣ ሌላ ምን እንደሚያስፈልገው አይናገርም። ማስወገድ በተፈለገ ጊዜም የትኞቹ ፋይሎች የእርሱ እንደ ሆኑ የሚያውቅ የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ መገልበጥ እምቢ ማለት አይችልም፤ ለማይሆነው ኮምፒዩተርም ቢሆን ዝም ብሎ ይገባለታል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ምናልባት አንዳንዶች «እንግዲያስ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ላይ ለየብቻ ማጠናቀር ይሻላል» ይሉ ይሆናል። ይህም ፕሮግራሙ እንዲነሣ ያደርገው ይሆናል እንጂ ችግሩን አይፈታውም። አንዳንድ ፕሮሰሰሮች ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ብቻ አጠጋግተው ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ሁለት ጊዜ ያጠጋጋሉ። ስለዚህ ያው ምንጭ ኮድ ለየፕሮሰሰሩ በተለየ አማራጭ ሲጠናቀር የመጨረሻዎቹ አኃዞች ሊለያዩ ይችላሉ። ለምርምር የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት ሊንቀው አይገባም።

ስለ ማሸግ

በ1993 የተመሠረተው ዴቢያንና ሬድ ሃት በ1990ዎቹ ውስጥ ያበጇቸው የማሸጊያ ሥርዓቶች ለዚሁ ችግር የቀረቡ መልሶች ናቸው። ፓኬጅ ማለት የተጠናቀረው ፕሮግራም ከስሙ፣ ከእትም ቁጥሩ፣ ከፋይሎቹ ዝርዝርና ከሚያስፈልጉት ነገሮች ጋር በአንድነት የታሸገበት ነው። ሲጫን በኮምፒዩተሩ መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ከዚያ ወዲያ ይህ ፋይል የማን ነው፣ ከተጫነ በኋላስ ተለውጧልን ተብሎ ቢጠየቅ መልስ ይገኛል። የዴቢያን መሣሪያዎች እንዲያውም የተጠናቀረውን ፕሮግራም ራሱን አንብበው የትኛውን ላይብረሪ፣ ከስንተኛው እትም ጀምሮ እንደሚፈልግ አውጥተው ይጽፋሉ።

ብዙ ጊዜ ስለ ፓኬጅ የሚጻፈው ምስጋና ብቻ ስለ ሆነ እኔ በበኩሌ ባጋጠመኝ ጉዳይ ልመዝነው እወዳለሁ። ፕሮግራሜን አሽጌው ቢሆን ኖሮ ከተበላሹት 13 ኮምፒዩተሮች ስንቱን ያድንልኝ ነበር?

አራቱን ያለ ጥርጥር ያድን ነበር። ፓኬጁ ጂሊብሲ 2.34ን እንደሚሻ ስለሚጽፍ፣ 20.04 ያለበት ኮምፒዩተር ገና ከመጫኑ በፊት እምቢ ይል ነበር።

ሁለቱን ግን የሚያድነው አሮጌውም እትም አስቀድሞ ታሽጎ የተጫነ ቢሆን ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ አዲሱ አሮጌውን ተክቶ ይገባ ነበር። በእጅ የተገለበጠውን ፋይል ፓኬጁ አያውቀውም፤ አያነሣውምም። ከዚህ የምንረዳው መዝገብ የሚጠቅመው ሁሉም ሲጽፍበት መሆኑን ነው። አንድ ሰው ብቻ ሳይጽፍ ቢያሳልፍ የሌሎቹ ድካም ይጎድላል።

ሰባቱንስ? ሰባቱን አያድናቸውም። በፓኬጁ ላይ የሚጻፈው የፕሮሰሰር ስም የቤተሰቡ ስም ብቻ ነው፤ ጫኚው ከዚያ በላይ ጠቅሶ ካልጻፈ በቀር የቤተሰቡን ታላቅና ታናሽ አይለይም። ስለዚህ በአማራጩ የተበላሸ ፕሮግራም በጥሩ ሁኔታ ታሽጎ፣ በጥሩ ሁኔታ ተመዝግቦ፣ በ7ቱም ኮምፒዩተሮች ላይ በጥሩ ሁኔታ ይወድቅ ነበር።

እንግዲህ ማሸግ የአጠናቃሪውን ስሕተት አያርምም፤ የሚያደርገው ስሕተቱን የሚታይ ማድረግ ነው። ለ7ቱ መድኃኒቱ ከማሸጉ በፊት ያለ ነው፤ ይኸውም በክፍሉ ውስጥ ካሉት ሁሉ እጅግ አሮጌ በሆነው ሥርዓት ላይ፣ ሁሉም ፕሮሰሰር ለሚያውቃቸው ትእዛዞች ብቻ ማጠናቀር ነው። የፓይተን ቋንቋ ሰዎች ይህን መንገድ ተከትለው ተጠቅመዋል። በ2016 ማኒሊኑክስ የተባለውን ደንብ ሲያወጡ፣ ለብዙ ሊኑክሶች የሚሰራጨው ሁሉ ያን ጊዜ እጅግ አሮጌ በነበረው በሴንትኦኤስ 5 ልክ እንዲጠናቀር ወሰኑ። በዚህ መንገድ ጥቂት ፍጥነት ይቀራል፤ ይህን አልክድም። ፍጥነት እጅግ አስፈላጊ ለሆነበት ሥራ ግን ሌላ ብልሃት አለ፤ ኦፕንብላስ የተባለው የሒሳብ ላይብረሪ ለብዙ ፕሮሰሰሮች የተዘጋጁ ልዩ ልዩ ክፍሎችን በአንድነት ይዞ፣ ሲነሣ ያለበትን ፕሮሰሰር ጠይቆ የሚስማማውን መምረጥ ይችላል።

ሁሉን በአንድ ስለ መያዝ

ከጓደኞቼ ብዙዎቹ ደግሞ «ይህ ሁሉ ጣጣ የአሮጌ ዘመን ነው፤ ፕሮግራሙን ከላይብረሪዎቹ ሁሉ ጋር በአንድ ዕቃ ከትቶ መላክ ይበቃል» ይላሉ። ይህም በሁለት መንገድ ይሠራል፤ አንደኛው ላይብረሪዎቹን በማጠናቀር ጊዜ ከፕሮግራሙ ጋር ማዋሐድ ነው፤ ሁለተኛው በ2013 ይፋ በሆነው በዶከር ዓይነት ኮንቴይነር ውስጥ ማስገባት ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ መንገድ የ4ቱን ኮምፒዩተሮች ችግር ይፈታል። ዳሩ ግን የ7ቱን አይፈታም፤ ኮንቴይነሩ የሚሠራው በዚያው ፕሮሰሰር ላይ ነውና።

የዚህ መንገድ ትልቁ ዕዳ ግን የሚመጣው ዘግይቶ ነው። በሚያዝያ 2014 በኦፕንኤስኤስኤል ላይብረሪ ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለው ጉድለት በተገለጸ ጊዜ፣ ላይብረሪውን በጋራ የሚጠቀም ኮምፒዩተር አንዱን ላይብረሪ ለውጦ ፕሮግራሞቹን እንደ ገና በማስነሣት ጉድለቱን መዝጋት ይችል ነበር። ላይብረሪውን በውስጣቸው የዋጡ ፕሮግራሞች ግን እያንዳንዳቸው መፈለግና እንደ ገና መጠናቀር ነበረባቸው። ማን ምን እንደ ዋጠ ያልመዘገበ ሰው ምን ያህል እንደሚቸገር አንባቢ ሊገምተው ይችላል። በዚህም ላይ የኢንተርኔት መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ፣ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ሙሉ ሥርዓተ ክወና ተሸክሞ ሲመጣ መጠበቅ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ መዝገቡ እውነተኛነት

እስካሁን መዝገብን አመስግኛለሁ። መዝገብ ግን የተጻፈበትን ብቻ ይናገራል፤ የተጻፈው እውነት መሆኑን በራሱ አያረጋግጥም። ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ምስክር በ2024 የሆነው ነገር ነው። ኤክስዜድ የተባለው የፋይል ማመቂያ መሣሪያ 5.6.0ና 5.6.1 እትሞች በስውር የተከተተ ክፉ ኮድ ይዘው ወጡ። ክፉውን ኮድ የሚያነሣሣው ክፍል ሁሉም ሰው በሚያየው የምንጭ ኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም፤ ለአሻጊዎች ተዘጋጅቶ በሚሰጠው የታመቀ ፋይል ውስጥ ብቻ ነበር። እንዲያውም የሚነቃው ፕሮግራሙ የሚጠናቀረው ለዴቢያን ወይም ለሬድ ሃት ዓይነት ፓኬጅ መሆኑን አይቶ ነው። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ወደ ኮምፒዩተሩ በርቀት ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየቱ አስገርሞት ሲመረምር ደረሰበት፤ መጋቢት 29 ቀን 2024 ለሁሉ አስታወቀ።

ከዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ አሻጊው ከየትኛው ምንጭ እንዳጠናቀረ መጻፉ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ሰው ከዚያው ምንጭ ተነሥቶ ያንኑ ውጤት ማግኘት መቻል አለበት። በዴቢያን ውስጥ ከ2013 ጀምሮ ሲደከምበት የቆየው ይኸው ነው፤ ማንም ሰው እንደ ገና ሲያጠናቅረው እስከ መጨረሻዋ ነጥብ ድረስ አንድ የሆነ ፓኬጅ እንዲወጣ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ክፋቱን ያገኘው የግማሽ ሴኮንድ ልዩነትን ያልናቀ ሰው ነው። እኛ ግን በሰንጠረዣችን ላይ የታየውን ልዩነት እንኳ ለሳምንት ያህል «የኮምፒዩተር ጠባይ ነው» ብለን አልፈነው ነበር።

መደምደሚያ

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ «24 ኮምፒዩተር ላለው የተማሪዎች ክፍል ይህን ያህል ጥንቃቄ አይበዛምን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለመጫወቻ ወይም ለልምምድ የሚሆን ፕሮግራም ሲሆን ይበዛል። ነገር ግን ከአንድ ኮምፒዩተር የወጣ አኃዝ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ታትሞ የሚቀመጥ ከሆነ፣ ያን አኃዝ ያወጣው ፕሮግራም ማን እንደ ሆነ መናገር የማይችል ሰው ውጤቱን አውቆታል ሊባል አይችልም። መለኪያው ያልታወቀ ሚዛን የመዘነውን እህል በምን እናምነዋለን?

ስለዚህ ለክፍላችን የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። አንዱ ኮምፒዩተር የማጠናቀሪያ ቦታ ሆኖ ይለይ፤ እርሱም በክፍሉ ካሉት ሁሉ አሮጌውን ሥርዓተ ክወና የያዘው ይሁን። ማጠናቀሩ ለሁሉም ፕሮሰሰር በሚስማማው ደረጃ ይፈጸም። የተጠናቀረው ታሽጎ፣ ከየትኛው ምንጭና በምን አማራጭ እንደ ተሠራ ተጽፎበት፣ ተፈርሞበትም በዚያው ክፍል ውስጥ ባለ አንድ ማከማቻ ይቀመጥ፤ ሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ከዚያ ብቻ ይውሰዱ። እንዲህ ሲሆን ከውጭ የሚወርደውም አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። በእጅ የተገለበጡት አሮጌ ፋይሎች ተፈልገው ይነሡ። ፓኬጁም ለሁሉ ከመሰጠቱ በፊት መልሱ በታወቀ አንድ ትንሽ ሰንጠረዥ ከየግዢው በአንዳንድ ኮምፒዩተር ላይ ይፈተን። በመጨረሻም ማንኛውም ተማሪ በሚያቀርበው ጽሑፍ ላይ የተጠቀመበትን የፓኬጅ ስምና እትም ይጥቀስ።

ይህን ሁሉ ለማድረግ የሚያስፈልገው ትምህርት የአንድ ሳምንት ያህል ነው፤ ጓደኛችን ያጣው ግን ሦስት ሳምንት ነበር። በጽሑፌ ውስጥ የተሳሳትሁት ቢኖር መምህራንና ጓደኞቼ እንዲያርሙኝ እለምናለሁ። እኔ ግን ከዚህ ወዲህ በክፍሉ ውስጥ የጫንሁትን ሁሉ የጻፍሁበትን ደብተር በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አኑሬዋለሁ፤ የፈለገ ሊያየው፣ ያጠናቀረም ሊጽፍበት ይችላል።